የመናገር ነፃነት ተሟጋቾች ከየት መጡ? ለሐዋሳዋ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር። ሐዋሳ ነው የምኖረው። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ከተማሩ ልጆች ጋር ሐሳብን በነፃነት ለመግለጽ መብት የሚሟገት ማኅበር ልናቋቁም እያሰብን ነው። አንድ ጓደኛችን ፌስቡክ ላይ በጻፈው ነገር ተጠርቶ ሁለት ቀን ታስሮ ወጣ፤ ሐሳቡ የመጣልን ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ ግን ‹ይሄ የፈረንጅ ፋሽን ነው፣ መጨረሻውም አበል ነው› ይሉኛል። ለመሆኑ እንዲህ ያለ ማኅበር መጀመሪያ ማን አቋቋመ? እኛ አገርስ ነበረ ወይ? ከቀደሙት ምን እንማር?»

ምላሽ፦

ሰላም እህቴ። አባትሽ ጭራሽ ተሳስተዋል አልልም። የአበሉን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ፤ ያዩት ነገር ቢኖር ነው። «የፈረንጅ ፋሽን» የሚለውን ግን አልቀበልም። እንዲህ ያሉ ማኅበራት ብዙውን ጊዜ የተወለዱት አንቺ በጻፍሽው መንገድ ነው። የሚያውቁት ሰው ታሰረ፤ ሌሎቹ ዝም ማለት አቃታቸው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የውጭውን ታሪክ በእነሱ፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። እንዳትደናገሪ።

ክርክሩ በጣም የቆየ ነው። ስዊድን በ1766 ከሃይማኖት ጽሑፎች በቀር የቅድመ ሕትመት ሳንሱርን በሕግ አስቀረች። እንዲህ ያለ ሕግ በዓለም የመጀመሪያው ነው። አጥብቀው ከተሟገቱለት ሰዎች አንዱ አንደርስ ኪዴኒየስ የሚባል የገጠር ቄስ ነበር። ፓርላማ ገብቶ ተከራከረ፣ አሸነፈ። ሕጉን ከኋላ ሆኖ የሚጠብቅ ድርጅት ግን አልነበረም። በ1772 ንጉሡ ሥልጣን ጠቅልሎ ሲይዝ ነፃነቱ ወዲያው መሸርሸር ጀመረ።

እኛም ጋ ንግግሩ ነበረ። ነገሥታቱ «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ያስጠይቁ ነበር ይባላል። አዝማሪ በሰምና ወርቅ ጌታውን ሸንቁጦ ተሸልሞ ይወጣል። እዚሁ ሲዳማ በሽማግሌዎች ሸንጎ፣ በሶንጎ ላይ ነገሩ በደንብ ሳይሰማ አይፈረድም። ይሄ ሁሉ ግን በሰሚው በጎ ፈቃድ የቆመ ነው። ጌታው ያን ቀን ከፍቶት ከሆነ አዝማሪው ማን አለው? ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ለመናገር ነፃነት ብቻ ብለው ከተደራጁት ቀደምቶች አንዱ በ1902 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የነፃ ንግግር ሊግ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት አንድ አናርኪስት፣ ማለትም መንግሥት የሚባል ነገር አያስፈልግም ባይ፣ ፕሬዚዳንት ማኪንሊን ገድሎ ነበር። በሱ የተነሣ አናርኪስት የተባለ ሁሉ መታደን ጀመረ። ሊጉ የተነሣው ያኔ ነው። ቴዎዶር ሽሮደር የሚባል ጠበቃ ዋናው ሞተሩ ነበር። ሊጉ ትንሽ ነበር፤ ገንዘብም አልነበረው። ነገር ግን ሌላው ሰው ዞር ብሎ የማያየውን ተከሳሽ ይዞ ይቆም ነበር።

አሁን የምነግርሽን ታሪክ በደንብ ያዢልኝ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው።

ስፖካን በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ያለች ከተማ ናት። በ1909 እዚያ ሥራ የሚገኘው በደላላ ነበር። ደላላው ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ ይቀበላል፣ ወደ እንጨት ቆረጣ ወይም ወደ ባቡር ሐዲድ ሥራ ይልከዋል። ሠራተኛው ትንሽ ሠርቶ ይባረራል፤ በቦታው ደላላው ሌላ ከፋይ ይልካል። ደላላና አለቃ ተካፋይ ናቸው ማለት ነው። «የዓለም ኢንዱስትሪ ሠራተኞች» የተባለው የሠራተኛ ማኅበር ይህንን በየመንገዱ ዳር መናገር ጀመረ። ከተማው መንገድ ላይ ንግግር ማድረግን ከለከለ።

ሠራተኞቹ ምን አደረጉ? ሳጥን ላይ ይወጣሉ። «ወገኖቼ ሠራተኞች…» ብለው ሲጀምሩ ፖሊስ ያወርዳቸዋል። ወዲያው ሌላው ይወጣል። እሱም ይወርዳል። በጋዜጣቸው «ስፖካን ኑ» ብለው ጠርተው ከየአገሩ በጭነት ባቡር እየተንጠላጠሉ መጡላቸው። አንዱ ሠራተኛ ሳጥኑ ላይ ወጥቶ «ወገኖቼ…» አለ፣ ፖሊስ ግን አልመጣም። ሰውዬው ከዚያ በኋላ የሚለው ነገር አላዘጋጀም። ግራ ገብቶት «ፖሊሱ የታለ?» ብሎ ጮኸ ይባላል። እውነት ይሁን ቀልድ፣ እስካሁን ሲተረክ ይኖራል። ከ400 በላይ ሰው ታሰረ። እስር ቤቱ ሞልቶ የተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ አጎሯቸው። በመጨረሻ፣ በ1910 መጋቢት ወር፣ ከተማው እጁን ሰጠ። ክልከላው ተነሣ። የበርካታ ደላሎችም ፈቃድ ተሰረዘ።

ጥያቄው የደላላ ጥያቄ እንደነበር ልብ በይ። እነዚህ ሰዎች ስለ ነፃነት ፍልስፍና ሊያስተምሩ አይደለም አደባባይ የወጡት። ገንዘባቸው ስለተበላ ነው። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በር ላይ ሥራ ፍለጋ የሚቆሙትን ልጆች ብትጠይቂያቸው ነገሩን ሳይተረጎምላቸው ይረዱታል።

ከታሳሪዎቹ መካከል ኤልዛቤት ገርሊ ፍሊን የምትባል የ19 ዓመት ሴት ነበረች። ነፍሰ ጡር ነበረች። ፖሊሶቹ ሲመጡባት ንግግሯን ቶሎ እንዳያቋርጧት ራሷን ከመብራት ምሰሶ ጋር በሰንሰለት አሰረች። ይቺን ሴት አትርሻት፤ ተመልሰን እንመጣባታለን።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ የስለላ ሕግ ብላ በ1917 አወጣች። በስም ለሰላይ ነው፤ በተግባር ግን ጦርነቱን የነቀፈ ሁሉ ተከሰሰበት። ሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ በ1918 ኦሃዮ ውስጥ ባደረገው አንድ ንግግር 10 ዓመት ተፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በአንድ ድምፅ አጸናው። በ1920 እስር ቤት ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረና ከ900 ሺህ በላይ ድምፅ አገኘ። በዚሁ ዓመት ሮጀር ባልድዊንና ጓደኞቹ የአሜሪካ ሲቪል ነፃነቶች ኅብረትን አቋቋሙ። ከመሥራቾቹ አንዷ ያቺው ፍሊን ነበረች።

በ1940 ኅብረቱ ፍሊንን ከቦርዱ አባረራት። ምክንያቱ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል መሆኗ ነው። ለመናገር ብላ ራሷን በሰንሰለት ያሰረችው ሴት፣ ለመናገር ነፃነት ከተቋቋመው ድርጅት በአመለካከቷ ምክንያት ተባረረች። ድምፁ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ሊቀመንበሩ ነው የወሰነው። በ1976 ኅብረቱ ውሳኔውን ሻረ፤ እሷ ከሞተች ግን 12 ዓመት አልፏት ነበር።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ ይሄ ነው። እንዲህ ያለ ማኅበር የሚመዘነው ባወጣው መግለጫ ብዛት አይደለም። «የሱን ጉዳይስ አንይዝም» ብሎ ያለፈው ሰው ማን እንደሆነ ሲታይ ነው።

ይኸው ድርጅት በ1977 ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመው። ቺካጎ አጠገብ ስኮኪ የምትባል ከተማ አለች። ከናዚ እልቂት የተረፉ ብዙ አይሁዶች ይኖሩባታል። ጥቂት አሜሪካዊ ናዚዎች እዚያ ሰልፍ እንውጣ አሉ። ከተማው ከለከለ። ኅብረቱ ለናዚዎቹ ጥብቅና ቆመ። የዚያን ጊዜ ዋና ዳይሬክተሩ አርየ ናየር በርሊን የተወለደ፣ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር ከናዚ ያመለጠ አይሁዳዊ ነው። አባላት በሺዎች እየጣሉ ወጡ፤ ካዝናው ተናጋ። ክርክሩን ግን አሸነፉ። የሚገርመው ናዚዎቹ ስኮኪ ሳይሄዱ ቀሩ፤ ሰልፋቸውን ቺካጎ ላይ አደረጉ። ትክክል ነበሩ ወይ? ተማሪዎቼን ስጠይቅ ክፍሉ ሁልጊዜ ለሁለት ይከፈላል። እኔ ወደ ናየር አደላለሁ፤ ግን የስኮኪን ሽማግሌዎች ፊት ለፊት ቆሜ ይህን ለማለት ወኔው የለኝም።

የአውሮፓውን ባጭሩ ልለፈው። ፔን የተባለው የደራስያን ማኅበር በ1921 ለንደን ውስጥ የእራት ክበብ ሆኖ ነው የጀመረው፤ መሥራቿ ካትሪን ኤሚ ዶውሰን ስኮት ነበረች። በ1933 ናዚ መጻሕፍት ሲያቃጥል እራቱ ቀረና ትግል ሆነ። አምነስቲ በ1961 አንድ ጠበቃ በጋዜጣ ላይ ባወጣው ስለተረሱ እስረኞች የሚያወሳ ጽሑፍ ተጀመረ። በ1972 ደግሞ ከሞስኮ ለተላከ የድረሱልን ደብዳቤ መልስ ይሆን ዘንድ ሳንሱርን የሚከታተል መጽሔት ለንደን ላይ ታተመ። በ1987 «አርቲክል 19» የተባለው የመናገር ነፃነት ተሟጋች ድርጅት ተቋቋመ። ስሙን የወሰደው ከዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 19 ነው፤ ያንን መግለጫ በ1948 በድምፅ ካጸደቁት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። ይህቺን ለአባትሽ ንገሪያቸው። የፕሬስ ነፃነት ቀን ተብሎ በየዓመቱ በእኛ ሚያዝያ 25 የሚከበረውም ከፓሪስ ወይ ከኒውዮርክ የመጣ አይደለም። በ1991 የአፍሪካ ጋዜጠኞች ናሚቢያ፣ ዊንድሆክ ተሰብስበው ያወጡት መግለጫ ዕለት ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 የንግግርና የጋዜጣ ነፃነትን አስፍሯል። «በሕግ መሠረት» የምትል ሐረግ ገብታበታለችና ሳንሱሩ ሳይነካ ቀጠለ። በ1957 «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡት ተማሪዎች ጥያቄያቸው መሬት ነበር፤ ግን መናገርን በተግባር አደባባይ ያወጡት እነሱ ናቸው። በደርግ ጊዜ ስለዚህ የሚሟገት ማኅበር ማሰብም አይቻልም። ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 እንደወጣ ሲቀር «የት ደረሰ?» ብሎ በይፋ የሚጠይቅ ድርጅት አልነበረም።

ለውጡ የመጣው ከ1983 በኋላ ነው። በ1984 መስከረም ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምና ሌሎች የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ጉባኤን፣ ኢሰመጉን፣ መሠረቱ። አዋጅ ቁጥር 34/1985 ሳንሱርን አስቀረ፤ የግል ጋዜጦች አዟሪ እጅ ገቡ። ወዲያው ደግሞ ጋዜጠኞች መታሰር ጀመሩ። በ1985 የኢትዮጵያ ነፃ ጋዜጠኞች ማኅበር፣ ኢነጋማ፣ ተቋቋመ። ሕጋዊ ምዝገባ ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት። በ1996 የፍትሕ ሚኒስቴር የተመረመረ የሒሳብ ሪፖርት አላቀረበም ብሎ አገደው። ማኅበሩን ያስያዘው ጽሑፉ ሳይሆን ደረሰኙ ነው። ይህቺን ያዢ፤ ማኅበር ስታቋቁሙ ከመጀመሪያው ቀን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይኑራችሁ።

ዋጋ የከፈሉ ሰዎች ነበሩ። የመምህራን ማኅበር አመራርና የኢሰመጉ ሥራ አስፈጻሚ አባል የነበረው አሰፋ ማሩ በ1989 ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ አዲስ አበባ ውስጥ በፖሊስ ጥይት ተገደለ። በ1993 ሚያዝያ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣችን ይከፈት፣ ፖሊስ ከግቢ ይውጣ ብለው ተነሡ። ሰው ሞተ። ፕሮፌሰር መስፍንና ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከዚያ ቀደም ብሎ ለተማሪዎች ስለ መብት ባደረጉት ንግግር ታሰሩ።

ቀጥሎ ሕጎቹ መጡ። አዋጅ 621/2001 ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ የአገር ውስጥ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከለከለ። ኢሰመጉ አብዛኞቹን ቅርንጫፎቹን ዘጋ። አንድ አዋጅ ያንን ሁሉ ጽሕፈት ቤት መዝጋት የቻለው ለምንድን ነው? ገንዘቡ ከዚሁ ከእኛ ኪስ ስላልነበረ ነው። አባትሽ «አበል» ሲሉ ነገሩን የነኩት እዚህ ላይ ነው። ሐዋሳ ደግሞ የወርክሾፕ ከተማ ናት። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች አዳራሽ ውስጥ ባነር ተሰቅሎ፣ ሻይ ቡና ተብሎ፣ ፊርማ ተፈርሞ ተበትነን እናውቃለን። በማግሥቱ አንድ ሰው ቢታሰር ስልክ የሚደውልለት ከመካከላችን ስንቱ ነው? እድር እንኳን በወር መዋጮ ነው የሚቆመው። እናንተም ትንሽም ብትሆን የራሳችሁ መዋጮ ይኑራችሁ። ዕርዳታ ቢመጣ ይምጣ፤ ቢቀር ደግሞ መዝገባችሁ አይዘጋ።

ዞን 9ን ታስታውሻለሽ። በ2004 የተሰባሰቡ ወጣት ጦማሪዎች ናቸው። ቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን አለው፤ ዘጠነኛው ከውጭ ያለነው ነን ብለው ነው ስሙን ያወጡት። መፈክራቸው «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ነበር። በ2006 ሚያዝያ ስድስቱ ከሦስት ጋዜጠኞች ጋር ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር ሕጉ ተከሰሱ። ገሚሶቹ በ2007 ሐምሌ ተፈቱ፤ የቀሩት በ2008 ጥቅምት ከሽብር ክሱ ነፃ ወጡ። ቢሮ አልነበራቸውም፤ ያስተባበራቸው በኢንተርኔት የጀመሩት ዘመቻ ነው። ከመካከላቸው አንዱ በፈቃዱ ኃይሉ በኋላ ካርድ የተባለውን የመብት ድርጅት አቋቋመ፤ ይህ የሆነው 621ን አዋጅ 1113/2011 ከተካው በኋላ ነው። አዋጅ 1238/2013 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ከወንጀልነት ወደ ፍትሐ ብሔር አወረደው። በወረቀት ደረጃ ትልቅ እርምጃ ነው።

የእኛ ትልቁ ድክመት ግን ሕግ አይመስለኝም። የፍሊን ነገር ነው። ከወገናችን አንዱ ሲታሰር «ይፈታ!» እንላለን፤ ከወዲያኛው ወገን ሲታሰር «የእጁን አገኘ» እንላለን። በብሔር ይሁን በፓርቲ፣ ሁለት መዝገብ ነው የምንይዘው። ማኅበራችሁ የሚጀምረው ከጓደኛችሁ ነው፤ ጥሩ። ቀጥሎ የሚመጣው ባለጉዳይ እናንተን ሲሰድብ የኖረ ሰው ሊሆን ይችላል። ትይዙታላችሁ? ስም ከመምረጣችሁ በፊት በዚህ ተነጋገሩ። ብዙ ቡድን እዚህ ላይ ነው የሚፈርሰው።

«የጥላቻ ንግግርስ?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሐዋሳ በ2010 ሰኔና በ2011 ሐምሌ ያየችውን ግጭት የሚያስታውስ ሰው ይህን ጥያቄ አቅልሎ አያየውም። የስኮኪን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ሳንሱርን ቢከለክልም የጦርነት ቅስቀሳና ሰብዓዊ ክብርን የሚነካ አነጋገር በሕግ እንዲገደብ ያዛል። አዋጅ 1185/2012 በጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው ገጽም ለብቻው ተጠቅሷል፤ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። የእናንተ ሥራ የተጻፈውን መውደድ አይደለም። በሌሎች ላይ ጥቃት የቀሰቀሰ ጽሑፍ ነው ወይስ ባለሥልጣን ያስቆጣ ብቻ? ክሱንና ጽሑፉን ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። እኔ ባየሁት ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው ገጽ ይታያል።

ታዲያ ከምን ትጀምሩ? እኔ ከመዝገብ እላለሁ። ግንቦት 16 ቀን 1994 እዚሁ ሐዋሳ፣ ሎቄ ላይ፣ በሰልፈኞች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ ስንት ሰው እንደሞተ ዛሬም ቁጥሩ እንደተናጋሪው ይለያያል። ያን ቀን ስም በስም የሚመዘግብ፣ ሁሉም ወገን የሚያምነው የአካባቢው ማኅበር ቢኖር ኖሮ ቁጥሩ ባላከራከረ።

የጓደኛሽን ጉዳይ መጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፉት። መጥሪያው በጽሑፍ ነበር ወይስ በስልክ? የተያዘው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ምክንያቱ ተነግሮታል? የትኛው አንቀጽ ተጠቀሰለት? በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ የመንገዱ ጊዜ አይቆጠርም። ሁለት ቀን ብለሻል፤ በትክክል ስንት ሰዓት ነው? ቤተሰብና ጠበቃ ገብቶ አይቶታል? ይህ በአንቀጽ 21 የተጻፈ መብት ነው። ስልኩ ተወስዶ ከሆነ ተመልሶለታል? እሱ ራሱ ካልፈቀደ ግን ስሙን ለማንም አትስጡ።

ስለ ምዝገባው፦ በአዋጅ 1113/2011 ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 5 ሰው ያስፈልጋል። ይህ አዋጅ የሚመለከተው ከአንድ ክልል በላይ የሚሠሩትን፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ የተቋቋሙትን እና የውጭ ድርጅቶችን ነው። ሲዳማ ክልል ውስጥ ብቻ ልትሠሩ ካሰባችሁ ጉዳያችሁ የክልሉ ነው፤ አዲስ አበባ ድረስ ከመንከራተታችሁ በፊት እዚሁ ጠይቁ። የመተዳደሪያ ደንቡን ከሌላ ድርጅት ገልብጣችሁ አታምጡ፤ በተለይ አባል የሚሰናበትበትን አንቀጽ ራሳችሁ ጻፉት። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሐዋሳ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው፤ የጓደኛሽን አቤቱታ ማኅበሩ እስኪቋቋም ሳትጠብቁ ማስገባት ትችላላችሁ። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ቤትም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ስትሄዱ የመታወቂያውን ኮፒ፣ የጽሑፉን ስክሪንሾት ከነቀኑ፣ ዋስ ከተጠራም የዋስትናውን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።